የመረንዝ ታሪክ፤ ከፍላጻ ጫፍ እስከ ልብ መድኃኒት

መረንዝ በሀገራችን በወይና ደጋ፣ በድንጋያማ ተረተርና በደረቅ ደን ዳርቻ የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ወይም አነስተኛ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሮዝ ቀለም ያደላል፤ ሽታውም መልካም ነው። ፍሬው ሲበስል ከቀይ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ቀራሩ ይሉታል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አኮካንቴራ ሺምፐሪ የሚል ስም ሰጥተውት በመዝገባቸው አስፍረውታል። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ጀምሮ በሶማሊያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ይገኛል፤ ባሕሩን ተሻግሮም በየመን ይበቅላል።

ይህ ዛፍ በቅርፊቱ፣ በግንዱና በሥሩ ውስጥ እጅግ ብርቱ መርዝ ይዟል። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ዘንድ ለረጅም ዘመን ዝሆንን ሲገድል ኖሯል። ያው ንጥረ ነገር በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ ሲገባ የደከመ ልብን አበርትቷል፤ በቤተ ሙከራ ውስጥም የሕዋስን አሠራር ለመረዳት ቁልፍ ሆኗል። ስለዚህ የመረንዝ ታሪክ የዕፅዋት ጥናት፣ የዱር እንስሳት ጥበቃና የልብ ሕክምና በአንድነት የሚገናኙበት ታሪክ ነው። ይሁንና እነዚህ ሦስት የሙያ ዘርፎች ስለ አንድ ዛፍ እየመረመሩ ሳለ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለያዩትን ክሮች አንድ ላይ አምጥቶ፣ መለያየታቸው ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ለማኅበራችን አባላት ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ አመጣጥ

አኮካንቴራ የሚለው ቃል ከግሪክ የተገኘ ሲሆን፣ የአበባው የዱቄት ከረጢት ጫፍ ሹል መሆኑን ያመለክታል። ሺምፐሪ የሚለው ደግሞ የአንድ ሰው መታሰቢያ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር የተወለደ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች አካባቢ እየተዘዋወረ ዕፅዋት ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ እዚሁ ቀረ፤ ትዳርም መሠረተ፤ በ1878 በዓድዋ ዐረፈ። ከአርባ ዓመት በላይ በዘለቀው ኑሮው ያደረቃቸውና የላካቸው ናሙናዎች ለአውሮፓ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚያዩባቸው መስኮት ሆኑ። በ1844 አልፎንስ ደ ካንዶል የተባለው የስዊስ ሊቅ መረንዝን ገልጾ ሲያትም የሺምፐርን ስም ሰጠው፤ በኋላም ጌኦርግ ሽቫይንፉርት አሁን ወደሚታወቅበት ወገን አዛወረው።

ከሺምፐር ስብስብ ብዙ ሺህ ቅጠል በበርሊን የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር ይገኝ ነበር። በመጋቢት 1943 በጦርነቱ ጊዜ በወደቀ ቦምብ ማኅደሩ ሲቃጠል አብዛኛው ሀብት ከአመድ ጋር ተቀላቀለ። ሳይንስ ጨርሶ ያልተጎዳው፣ ሺምፐር ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅጂ እያደረቀ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች የመላክ ልማድ ስለ ነበረው ነው። አንድ ናሙና በአንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በናሙናው ወረቀት ላይ የሰብሳቢው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል። መንገድ የመራው፣ ዕፁን ከሩቅ ለይቶ ያሳየው፣ ስሙንና ጠባዩን የነገረው ያገሬው ሰው ግን በአብዛኛው አይጻፍም። ይህ ጉድለት በሺምፐር ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምናየው በመላው ታሪክ ውስጥ ይደጋገማል።

የባልቴቷ ምሥጢርና የፍላጻው መርዝ

ወደ ልብ መድኃኒት የሚወስደው መንገድ የተጀመረው ከአፍሪካ ሳይሆን ከእንግሊዝ አገር ገጠር ነው። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ ሐኪም፣ በሽሮፕሺር የምትኖር አንዲት ባልቴት በምሥጢር ስለምትይዘው የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። መድኃኒቱ ሰውነታቸው በውሃ ያበጠ በሽተኞችን፣ ሐኪሞች ካቃታቸው በኋላ እንኳ ያድን ነበር። ከሃያ ያላነሱ ቅጠላ ቅጠሎች የተቀላቀሉበት ነበር፤ ዊዘሪንግ ግን ዕፅዋትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበር፣ ሥራውን የሚሠራው ዲጂታሊስ የሚባለው አበባ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። ከዚያም ዐሥር ዓመት በሽተኞቹን እየተከታተለ፣ የሰጠውን መጠን፣ የዳነውንም ያልዳነውንም እየመዘገበ ቆይቶ በ1785 መጽሐፉን አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ዋናው ነገር የመድኃኒቱ ምስጋና ሳይሆን የመጠኑ ጥንቃቄ ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ዐይን ያደበዝዛል፣ የልብ ምትን ያዘገያል፤ በመጨረሻም ይገድላል። የባልቴቷን ስም ግን ዊዘሪንግ በመጽሐፉ አላሰፈረውም።

አፍሪካ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። ከ1858 እስከ 1864 በዛምቤዚ ወንዝ በተደረገው የዴቪድ ሊቪንግስተን ጉዞ ውስጥ ጆን ኪርክ የተባለ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረ። ያገሩ አዳኞች ኮምቤ የሚሉት የፍላጻ መርዝ ነበራቸው፤ የሚሠራውም ስትሮፋንተስ ከተባለ ሐረግ ዘር ነበር። ኪርክ በኋላ እንደ ተረከው፣ የመርዙ ናሙና ከጥርስ ብሩሹ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ጥርሱን ሲቦርሽ ምላሱ መራራ ነገር ቀመሰ፤ የልብ ምቱም እንደ ተለወጠ አስተዋለ። ናሙናው ወደ ኤዲንብራ ተላከ። በዚያም ቶማስ ፍሬዘር መርዙ በቀጥታ በልብ ላይ እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1885ም ስትሮፋንቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለሐኪሞች አስተዋወቀ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርኖ ሶማሌዎች በፍላጻቸው ላይ የሚቀቡትን መርዝ መርምሮ፣ ከመረንዝ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ዛፍ እንጨት ነጭ ብርሌ መሰል ንጥረ ነገር አወጣ። ስሙንም ዋባይን አለው፤ ዋባዮ ከሚለው የሶማሌ ቃል ወስዶ ነው። ይህ ቃል ዛሬ በመላው ዓለም በፊዚዮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ይነበባል፤ አመጣጡ ከአፍሪካ ቀንድ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ያው ንጥረ ነገር ከአንድ የስትሮፋንተስ ዝርያ ዘርም ተገኘ። በዘር የተለያዩ፣ በቦታ የተራራቁ ዕፅዋት ተመሳሳይ መርዝ መሥራታቸው፣ አዳኞቹም በየበኩላቸው ይህንኑ ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው።

በ1906 አልበርት ፍሬንከል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስትሮፋንቲንን በደም ሥር መስጠት ጀመረ። ይህንንም ያደረገበት ምክንያት ከአዳኞቹ ልማድ ጋር የሚስማማ ነው። ዋባይንና መሰሎቹ በአፍ ሲወሰዱ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፉት በጣም በጥቂቱ ነው፤ በቁስል በኩል ከገቡ ግን ወዲያው ይሠራሉ። አዳኝ የገደለውን እንስሳ ፍላጻው የተተከለበትን ሥጋ ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ያለ ስጋት የሚበላው ስለዚህ ነው። ሐኪሙ በመርፌ ያገኘውን ጥቅም አዳኙ በፍላጻ ጫፍ ቀድሞ ዐውቆት ነበር ማለት ነው።

የሕዋሱ በር

መርዙ ልብን ለምን እንደሚነካ ለማወቅ ግን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስፈለገ። እንደሚታወቀው የእንስሳ ሕዋስ በውስጡ ፖታሲየም ይበዛዋል፤ ከውጭው ደግሞ ሶዲየም ይበዛል። ይህ ልዩነት በራሱ አይኖርም፤ ጉልበት እየፈሰሰበት የሚጠበቅ ነው። በ1953 ሻትስማን የተባለ የስዊስ ተመራማሪ፣ የዲጂታሊስ ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮች በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይህን የሶዲየምና የፖታሲየም ዝውውር እንደሚያቆሙ አሳየ። በ1957 ደግሞ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ከሸርጣን እግር ነርቭ ባገኘው ሽፋን ላይ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ባሉበት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኤንዛይም አገኘ።

ስኩ ያገኘው ነገር ሁሉ ሲፈለግ የኖረው ማመላለሻ መሆኑን ወዲያው አልተረዳም ነበር። በ1958 በቪየና በተደረገ ጉባኤ ላይ ሮበርት ፖስት ከተባለ አሜሪካዊ ባልደረባው ጋር ሲነጋገር፣ ኤንዛይሙ በዋባይን ይቆማል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ስኩ ወደ ቤተ ሙከራው ስልክ ደውሎ ሙከራው እንዲደረግ አዘዘ፤ ኤንዛይሙም ቆመ። የአፍሪካ ቀንድ አዳኞች መርዝ በዚያ ቀን የማረጋገጫ ማኅተም ሆነ። ስኩ ለዚህ ሥራው በ1997 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ማመላለሻው በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ አውጥቶ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ዋባይን ወይም ዲጎክሲን ከላዩ ሲጣበቅበት ሥራው ይገታል፤ ሶዲየም በልብ ሕዋስ ውስጥ ይጠራቀማል። ሶዲየም በውስጥ ሲበዛ ካልሲየም በልውውጥ መውጫው ይጠበዋል፤ የቀረው ካልሲየምም የልብን ጡንቻ አጥብቆ እንዲኮማተር ያደርገዋል። ጥቂቱ ማመላለሻ ብቻ ሲገታ የደከመ ልብ ይበረታል፤ ብዙው ሲገታ ምቱ ይዛባል፤ በመጨረሻም ይቆማል። በሽተኛውን የሚረዳውና ዝሆኑን የሚጥለው አንድ አሠራር ነው፤ ልዩነቱ መጠን ብቻ ነው። ፖታሲየም ከመድኃኒቱ ጋር በማመላለሻው ላይ ስለሚሻማ፣ ሽንት በሚያበዙ መድኃኒቶች ምክንያት ፖታሲየም ያነሰበት በሽተኛ ለዲጎክሲን መርዛማነት የበለጠ መጋለጡም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በጻቮ የሆነው

አሁን ከቤተ ሙከራው ወጥተን ወደ ኬንያ ምሥራቃዊ ቆላ እንሂድ። በዚያ ዋታ ወይም ዋሊያንጉሉ የሚባሉ፣ ቋንቋቸው ከኦሮምኛ ጋር የሚዛመድ ሕዝብ ነበሩ፤ ወገኖቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያም በቦረና አካባቢ ይኖራሉ። ዋታዎች የዝሆን አዳኞች ነበሩ። ቀስታቸው ለመሳብ ከ45 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቅ ነበር፤ አዳኙም ዝሆኑን የሚወጋው በጣም ቀርቦ ነበር። መርዙን በብዛት የሚሠሩት ጎረቤቶቻቸው ጊሪያማዎች ነበሩ። የአኮካንቴራን እንጨትና ቅርፊት ለብዙ ሰዓት ቀቅለው እንደ ሬንጅ ጥቁርና ወፍራም እስኪሆን ያሰናዱታል፤ አዳኙም የተቀባውን ፍላጻ መርዙ እንዳይደርቅና ራሱንም እንዳይጎዳው በስስ ቆዳ ይጠቀልለዋል።

በ1948 የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም የዋታዎች የአደን ምድር በፓርኩ ክልል ውስጥ ወደቀ። አባቶቻቸው የኖሩበት ሥራ በአንድ ሕግ ወንጀል ሆነ። የዝሆን ጥርስ ንግድ ግን አልቆመም፤ ነጋዴዎች ለአዳኞቹ ጥቂት እየከፈሉ ጥርሱን ወደ ባሕር ጠረፍ ያሻግሩ ነበር። የጻቮ ምሥራቅ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሼልድሪክ ከቢል ውድሊና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ1956 እና በ1957 ሰፊ ዘመቻ አካሄደ፤ የዋታ አዳኞች አብዛኞቹ ተያዙ፣ ታሰሩም። ከጥበቃው አንጻር ዘመቻው የተሳካ ነበር።

ይሁን እንጂ አሳዳጆቹ ራሳቸው ለእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ከፍ ያለ አክብሮት አደረባቸው። ዋታዎች የዝሆንን መንገድ፣ ዕድሜና ጠባይ የማንም ተመራማሪ በማያውቀው ደረጃ ያውቁ ነበር። ውድሊም ሰዎቹ በሕጋዊ መንገድ አዳኝ ሆነው ከሥጋውና ከጥርሱ እንዲጠቀሙ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1960 ከፓርኩ በስተምሥራቅ በጋላና ወንዝ አካባቢ ይህንኑ የሚሞክር ዕቅድ ተጀመረ። ነዋሪው ከዱር እንስሳቱ ተጠቃሚ ይሁን የሚለው አሳብ ዛሬ በየጉባኤው የሚነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ከቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነበር። ዕቅዱ የታሰበለትን ያህል ሳይዘልቅ ቀረ፤ ምድሩም ኋላ የከብት እርባታ ሆነ። በ1977 በኬንያ ማናቸውም አደን ተከለከለ።

ከዚህ በኋላ የተከተለው ነገር ጥበቃ ማለት ክልከላ ብቻ እንዳልሆነ ያስተምራል። አዳኝ የታገደበት፣ በዙሪያው ያለው ሰፈራ ያጠበበው የጻቮ ዝሆን በፓርኩ ውስጥ እየበዛ ሄዶ ዛፉን ጨረሰ፤ ደኑም ወደ ሣር ሜዳ መለወጥ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ሪቻርድ ሎውስ የተባለ ተመራማሪ ቁጥሩ በግድያ እንዲቀነስ ሲመክር፣ ሼልድሪክ ተፈጥሮ ራሷ ትመዝነው ብሎ ተቃወመ። በ1970 እና በ1971 ድርቅ መጣ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዝሆኖች በረኀብ አለቁ። ከዚያ ደግሞ ከቀስት ይልቅ አውቶማቲክ ጠመንጃ የያዙ ሌላ ዐይነት አዳኞች ተነሡ፤ በዐሥራዎቹ ሺህ ይቆጠር የነበረው የጻቮና የአካባቢው ዝሆን በ1988 ወደ 6 ሺህ ገደማ ወረደ። በ1989 የኬንያ መንግሥት 12 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የአፍሪካን ዝሆን ንግድ ከሚከለክለው ሰንጠረዥ ውስጥ አገባ።

ፍላጻውም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ድምፅ የሌለው መሣሪያ ነውና ጥበቃው በጠነከረበት ጊዜ ሕገ ወጥ አዳኞች ወደ እርሱ ይመለሳሉ። በግንቦት 2014 በጻቮ ሳታኦ የሚባለው፣ ጥርሱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ታላቅ ዝሆን መርዝ በተቀባ ፍላጻ ተገደለ። ስለዚህ የዋባይን ኬሚስትሪ ለዱር እንስሳት ሐኪምና ለፍርድ ቤት ምስክርነት ዛሬም የሚያገለግል ዕውቀት ነው።

ባለ ጋማው አይጥ

መርዙን የሚጠቀም ሰው ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በአጎራባች አገሮች ሎፊዮሚስ የሚባል፣ ጥቁርና ነጭ ረጅም ጠጕር ያለው፣ እንደ ጋማ የሚነሣ ጸጕር በጀርባው የተሸከመ ትልቅ አይጥ ይኖራል። ሚልን ኤድዋርድስ በ1867 ለሳይንስ ገልጾታል። ይህን አይጥ የነከሱ ውሾች እንደሚሞቱ ያገሩ ሰዎች ሲናገሩ ኖረዋል። በ2011 ጆናታን ኪንግደንና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተመራማሪ በርናርድ አግዋንዳ፣ ምክንያቱን አሳተሙ። እንስሳው የአኮካንቴራን ቅርፊት አኝኮ ምራቁን በጎኑ ላይ ባሉ ልዩ ጠጕሮች ላይ ይቀባዋል፤ ጠጕሮቹም በማጉያ መነጽር ሲታዩ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦሩና ፈሳሽ የሚመጡ ናቸው። በ2020 በኬንያ በተደረገ ሌላ ጥናት 25 አይጦች ተይዘው ባሕርያቸው በካሜራ ሲታይ፣ ብዙዎቹ በጥንድ እንደሚኖሩና ከማኘካቸው የተነሣ የጤና መታወክ እንደማይታይባቸው ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ የእንስሳት ጥናትና የልብ ምርምር እንደገና ይገናኛሉ። የተራ የቤተ ሙከራ አይጥ ዋናው ማመላለሻ በጥቂት አሚኖ አሲዶች ልዩነት ምክንያት ዋባይንን እጅግ ይቋቋማል፤ ይህም በ1988 በሞለኪውል ደረጃ ታይቷል። ለዚህም ነው ለሰው የሚሰጥ የዲጂታሊስ መጠን በአይጥ ላይ ተለክቶ ሊወሰን የማይችለው። የአንዱ እንስሳ መድኃኒት የሌላው መርዝ፣ የአንዱም መርዝ የሌላው ጋሻ መሆኑን የሚወስነው በፕሮቲን ላይ ያለ ይህን የመሰለ ጥቃቅን ልዩነት ነው።

ዛሬ በልብ ሐኪሙ ዘንድ

በ1930 ሲድኒ ስሚዝ ከዲጂታሊስ ዝርያ ዲጎክሲንን ከለየ በኋላ ዋባይን ከሕክምና እየራቀ፣ ዲጎክሲን ግን የልብ ድካም ዋና መድኃኒት ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየ። የሚገርመው ነገር፣ ከዊዘሪንግ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲሰጥ የኖረው መድኃኒት ዕድሜ ያረዝም እንደ ሆነ በትልቅ ሙከራ የተጠየቀው በ1997 ነው። በአሜሪካና በካናዳ 6,800 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት ዲጎክሲን ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ነገር ግን በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል መግባትን እንደ ቀነሰ አሳየ። ከዚያ ወዲህ አሰጣጡ ቀነሰ፤ የሚሰጠውም መጠን አነሰ። በ2025 ደግሞ ከ1,200 በላይ በሽተኞች የተካፈሉበት የዲጂቶክሲን ጥናት፣ በተመረጡ በሽተኞች ላይ ይህ አሮጌ የመድኃኒት ወገን ገና ጥቅም እንዳለው አመለከተ። ሊቃውንቱ መልሰው መላልሰው መፈተናቸው የሳይንስ ድክመት ሳይሆን ጥንካሬው ነው።

መርዙም መድኃኒት ተገኝቶለታል። በ1976 በአሜሪካ፣ ብዙ ዲጎክሲን የወሰደ በሽተኛ ከበግ ደም በተዘጋጀ ፀረ አካል ቁራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳነ። በ1991 ደግሞ ከሰው ደም ውስጥ ዋባይንን የመሰለ ንጥረ ነገር መገኘቱ ታተመ፤ የሰው አካል ራሱ ይሠራዋል የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ በሊቃውንት ዘንድ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

በሀገራችን የልብ ድካም በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ አይደለም። በልጅነት በያዘው የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ በሮቹ የተበላሹበት ወጣት ነው። ዲጎክሲን ርካሽ ስለ ሆነና የልብ ምት ሲዛባም ስለሚረዳ ለእንዲህ ዐይነቱ በሽተኛ የሚታዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት በማይቻልበት ሥፍራ የፋርማሲ ባለሙያውና የሐኪሙ ጥንቃቄ፣ የበሽተኛውን ኩላሊትና ፖታሲየም መከታተል፣ ማቅለሽለሽና የዐይን መደብዘዝ ሲመጣ ፈጥኖ መጠየቅ፣ ዊዘሪንግ በ1785 ከመከረው ምክር እምብዛም አይርቅም።

መረንዝ ራሱ በባህል መድኃኒት ውስጥ ሥፍራ አለው፤ በተለይ ለቆዳ በሽታ ይውላል። በ2006 በታተመ ጥናት ፕሮፌሰር ፅጌ ገብረ ማርያምና የጀርመን ባልደረቦቻቸው በቫይረስ ላይ ያላቸውን ኀይል ከመረመሯቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት አንዱ ይኸው ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በውጭ አገር ባልደረቦች ትብብር ሲሠራ ቆይቶ በ2009 መጠናቀቁም ለእንዲህ ያለው ጥናት መሠረት ሆኗል። ዕፁ በትክክል ካልተለየ የኬሚስትሪው ውጤት ሁሉ በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው።

ከታሪኩ የምንማረው

ከዚህ ረጅም ጉዞ ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ዕውቀቱ የመጣው ስማቸው ካልተጻፈ ሰዎች ነው። የሽሮፕሺሯ ባልቴት፣ የዛምቤዚ አዳኞች፣ የሶማሌ መርዝ ቀማሚዎች፣ የዋታ ቀስተኞች ሁሉ የሰጡት በመጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ እነርሱ ግን የሉበትም። ዛሬ በየገጠሩ እየተዘዋወርን የባህል መድኃኒት የምንመዘግብ ባለሙያዎች የነጋሪውን ፈቃድ መጠየቅ፣ ሲፈቅድም ስሙን መጻፍ፣ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻው እንዲደርሰው ማድረግ ይገባናል። ይህ የትሕትና ብቻ ሳይሆን የሳይንሳዊ ትክክለኛነት ጉዳይ ነው፤ ምንጩ ያልተጻፈ ቃል ተመልሶ ሊጣራ አይችልምና።

ሁለተኛ፣ ጥበቃ በአንድ ሙያ አይካሄድም። በጻቮ ሕግ አስከባሪው አዳኙን አስቆመ፤ የዝሆኑን ቁጥር የሚያጠናው ዘግይቶ መጣ፤ የዛፉን መለወጥ የሚያየው የዕፅዋት ባለሙያ ብቻውን ጮኸ፤ የዋታዎቹ ዕውቀት ደግሞ ከእነርሱ ጋር እስር ቤት ገባ። በእኛም አገር እንደ ባቢሌ ባሉት፣ በ1970 በተከለለው የዝሆን መጠለያ፣ ሰፋሪውና ዝሆኑ በአንድ ምድር እየተሻሙ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጡ የሚወጣ ዕቅድ ጻቮ ያየውን ማየቱ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ጥቅሙ ያልታወቀ ዕፅ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ስኩ ዋባይንን ባይኖረው ኖሮ የኤንዛይሙ ማንነት በዚያን ጊዜ ባልተረጋገጠ ነበር፤ ዋባይንን ያገኘውም ዛፉ በቆመበት ያገር ሰው ስላወቀው ነው። ለማገዶ የሚቆረጠው፣ ለእርሻ የሚመነጠረው ደረቅ ደን ውስጥ መረንዝን የሚመስሉ ስንት ዕፅዋት እንዳሉ ገና መቁጠር ያለብን እኛው ነን። ቅጠሉን የሚያደርቀው፣ እንስሳውን የሚጠብቀውና የበሽተኛውን ልብ የሚያዳምጠው ባለሙያ ሦስቱም በየዘርፋቸው የሚያገለግሉት አንድ ምድርን ነው። ማኅበራችንም እነዚህን ሦስቱን በአንድ አዳራሽ የሚያገናኝ ዓመታዊ ጉባኤ ቢያዘጋጅ፣ በመረንዝ ታሪክ ውስጥ ለመቶ ዓመት የቆየውን መራራቅ በአንድ ቀን ውይይት መቀነስ ይጀምራል።